የቀንድ አውጣዋ ትርፍ ጎማ

ሠላሳ አራት ዓመት መሪ ስይዝ ያለ ትርፍ ጎማ ከቤቴ ወጥቼ አላውቅም። ሰው ያለ ሱሪ ገበያ ይወጣል? ለእኔ እንደዚያ ነው። ጎማ የሚባል ነገር አይታመንም፤ ትናንት የገዛኸው ዛሬ ጉድ ይሠራሃል። እኔ ቢተው ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከደሴ መካነ ሰላም ሕዝብ ሳመላልስ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ፣ ቡሎን ስፈታ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥተሃል ይሉኛል። አውቶቡሱን ካስረከብኩ በኋላ እውነትም መካነ ሰላም ያለው ቤቴ ገብቼ ሦስት ወር ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ማለት እንኳ ውሸት ነው፤ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ስመላለስ ነው የከረምኩት። ተኝቼም እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። በአራተኛው ወር አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዛሁ። የኋላ ወንበሮቹን ነቅዬ አልጋ አስገባሁበት፤ ከአልጋው ሥር የዕቃ ሳጥን፣ ከበሩ ጎን ቡታጋዝ፣ መስኮቶቹ ላይ መጋረጃ። ትርፍ ጎማውን ደግሞ የኋላ በሩ ላይ በብረት አሳቅፌ ሰቀልኩት፤ ሽፋኑ ላይ በቀይ ቀለም «ቢተው» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። ሰፈርተኛው ቤቷን አዝላ ስለምትሄድ «ቀንድ አውጣ» አላት። ይበሏት! አንድ ሳምንት አጅባር፣ አንድ ሳምንት ማሻ እያደርኩ እመለሳለሁ። ምን ልትሠራ ትሄዳለህ ይሉኛል። መሄድ ነው የምሠራው፣ ሌላ ምን!

አንድ ልጅ አለኝ፤ አምላኩ ይባላል፣ መምህር ነው። አብራው የምታስተምር ሥርጉት የምትባል የደጎሎ ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። የልጅቷ አባት አቶ በእውቀቱ ግን የድሮ ሰው ናቸው። «እኔ በስልክ ልጅ አልሰጥም፤ ሽማግሌ ይምጣ» አሉ። በዚያ ላይ ሰዓት የሚያከብሩ ሰው ናቸው አሉ። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የላካቸው ሽማግሌዎች ሁለት ሰዓት ዘግይተው ቢደርሱ «ልጄን የፈለገ ሰው ፀሐይ ያያል» ብለው ከደጃፍ መልሰዋቸዋል። ለእኛ የቆረጡልን ቀጠሮ እሑድ አምስት ሰዓት ነበር።

ሽማግሌዎቹን እኔው መረጥኩ። መሪጌታ ጥላሁን አሉ፤ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ጎረቤቴ ሼህ ሙሄ አሉ፤ እሳቸው ደግሞ የተቆጣ ሰው ያስቃሉ። ሦስተኛው የእህል ነጋዴው ንጉሡ ነው፤ እኩያዬ ነው፣ ነገር ያውቃል፣ ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። የሚወስዳቸው መኪናም ተዘጋጅቶ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ደውሎ ነዳጅ አላገኘሁም አለና አረፈው። የእኔዋ ግን ሙሉ ናት፤ ሁልጊዜ ሙሉ ናት።

አምላኩ ወደ ማታ ላይ መጣ። ቀንድ አውጣን ዞሮ ዞሮ አያት።

«ደጎሎ ትደርሳለች?» አለኝ።

«እሷ? የት ያልደረሰች!»

«እርስዎስ ይደርሳሉ?»

ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ።

«አንድ ቃል ይግቡልኝ» አለ። «ነገ መንገድ ላይ ለማንም አይቁሙ። ጎማ ፈነዳበት፣ ውሃ ጨረሰ፣ ክሪክ የለውም፣ ለማንም። አንድ ቀን፣ ነገን ብቻ የእኔ ይሁኑ።»

ይህን ያለው በከንቱ አይደለም። እናቱ አልታየች ያረፈችው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ሲደወልልኝ ደሴ ነበርኩ። ባዶ አውቶቡስ ይዤ ከነፍኩ። አቀስታን እንዳለፍኩ አንድ ጭነት መኪና ጎማው ፈንድቶ መንገድ ዳር ዘንበል ብሏል። ሾፌሩ ክሪክ የለውም፣ ጋቢናው ውስጥ ሕፃን የታቀፈች ሴት ተቀምጣለች። ምን ላድርግ? ቆምኩ። ቡሎኑ ዝጎ አልፈታ አለ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ለካ ሰዉ ሬሳውን ይዞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቆኝ ኖሯል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስደርስ አፈር አልብሰዋት ጨርሰው ነበር። አምላኩ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። እጄን አየው፤ እስከ ክርኔ ግራሶ ነው። «እየጠበቅንህ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ እንግዳ አንቱ ይለኛል። አይሰድበኝም፣ ፊቱን አያጠቁርብኝም። በዓል ሲሆን ልብስ ይገዛልኛል፤ ስታመም ሐኪም ቤት ይወስደኛል፤ አንቱ እያለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እናም ይህ «ቃል ይግቡልኝ» ያለው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የለመነኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። «በአልታየች ሥጋ» አልኩ፣ «ለማንም አልቆምም።»

እሑድ ገና ሳይነጋጋ ተነሣን። ሦስቱን ሽማግሌዎች አልጋው ላይ በሰልፍ ደረደርኳቸው፤ መሪጌታ ዳር፣ ሼህ ሙሄ መሃል፣ ንጉሡ ቡታጋዙ ጋ። አቤት ማየት ነበር! መሪጌታ ነጭ ጋቢ ለብሰው ጥምጥማቸው ጣራውን ይነካል፤ ሼህ ሙሄም ነጭ ጥምጥም አድርገዋል፤ ንጉሡ ደግሞ የልጁን ኮት ለብሶ አንገቱን ማዞር አቅቶታል።

«እኔ በሕይወቴ በአልጋ ተጭኜ ሄጄ አላውቅም፣ የምሄደው የመጨረሻ ቀን ነው ብዬ ነበር» አሉ ሼህ ሙሄ።

«እንዲህ ያለውን አፍዎን ይዝጉ!» አለ ንጉሡ።

«አብሽር፣ ገና ድግሱን ሳልበላ የት እሄዳለሁ።»

በከለላ በኩል ነው የሄድነው። ስነዳ ከሌላው ቀን ለየት ብዬ ነበር። በየአምስት ደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ፤ መስታወት አያለሁ፤ መስኮት ከፍቼ ጎማ አዳምጣለሁ። ሁለት ጊዜ ቆሜ ጎማዎቹን በእጄ ዳሰስኩ፤ አልሞቁም። ሦስተኛው ላይ መሪጌታ «ልጄ፣ ጎማውን ሳይሆን አንተን ነው የሞቀህ፤ ተረጋጋ» አሉኝ። እንዴት ልረጋጋ? ልጄ እቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይዞ እንዳለ አውቃለሁ። ከከለላ ወዲያ ያለውን ወንዝ ተሻገርን፣ ዳገቱን ወጣን፣ የገብሱ አገር ተዘረጋልን። ሰዓቱ አራት ከሩብ ነው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ብንነዳ ደጎሎ ነን። ደስ አለኝ፤ ውሸት ምን ይሠራል፣ ማንጎራጎር ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ሜዳው ላይ ጥቂት እንደነዳን አየሁት። አንድ አሮጌ ሰማያዊ ፒካፕ መንገድ ዳር ቆሟል። የኋላ ግራ ጎማው መሬት ላይ ተለጥፏል። ፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ታኮ ተደርጓል። ጭነቱ ላይ አንድ ሙክት በግ ታስሯል። ኮት ላይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ሰው መሃል መንገድ ድረስ ወጥተው እጃቸውን አነሡ። በሌላው እጃቸው የጎማ መፍቻ ይዘዋል። ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ ከሩቅ ይታወቃል። ትርፍ ያለው ሰው ይፈታል እንጂ እጅ አያነሣም።

እግሬ ሳላዘው ፍሬኑን ነካ። ቀንድ አውጣ አዘገመች።

«ቢተው፣ ሰው ቆሟል» አሉ ሼህ ሙሄ።

«ንዳ!» አለ ንጉሡ። «ንዳ እንጂ! አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። አንተ ከቆምክ መቼም አትነሣም።»

ወደ ሰውየው ጥግ ስደርስ ዓይን ለዓይን ተያየን። ሊቆምልኝ ነው ብለው ፈገግ ብለው ነበር። ጥሩምባ ነፋሁ፣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ፣ ነዳጅ ረገጥኩ። በመስታወት ሳይ አቧራው ዋጣቸው። ከአቧራው ሲወጡ እጃቸው ገና ወደ ላይ ነው። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱት። የበጉ ጭንቅላት ብቻ ወደ እኛ ዞሮ ቀረ።

አስበው! ሠላሳ አራት ዓመት። ክረምት በጋ ስቆም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማላውቀው ሾፌር በመብራት ሰላም የሚለኝ ለዚህ ነው። አንዱን ቀን አለፍኩ። ምን ላድርግ፣ ቃል ገብቻለሁ፤ ለልጄ ነው፤ ሌላ መኪና ይመጣላቸዋል። ይህን ሁሉ ለራሴ እየደጋገምኩ ነዳሁ፤ ሆዴ ግን አልተቀበለኝም። ንጉሡ «ጎበዝ» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። እጁን ብነክሰው ደስ ባለኝ።

ለአምስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደጎሎ ገባን። በእኛ ወግ የወንዱ ልጅ አባት ሽማግሌ ይልካል እንጂ ተከትሎ አይመጣም። ደጅ ላይ ከታየ ለልመና የቸኮለ ይመስላል፤ ነውር ነው። ስለዚህ ከነአቶ በእውቀቱ ግቢ አለፍ ብዬ ባሕር ዛፉ ሥር አቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አራግፈው ወደ በሩ ሄዱ። እኔ መጋረጃዬን ጋርጄ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። መጋደም! ወዲያው ተነሣሁ። ቡታጋዙን ወለወልኩ። ሳጥኑን ከፍቼ ክሪኩን አየሁ፣ ዘጋሁት። ደግሞ ከፈትኩት። ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ አምላኩ ነው። ውጤቱን ሳላውቅ ምን ልለው? አላነሣሁም። ደግሞ ደወለ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሼህ ሙሄ የመኪናውን በር ቆረቆሩ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ምነው፣ መለሱን እንዴ?» አልኩ።

«የለም የለም። እናትየው በደንብ ተቀብለውናል፤ ዘመዱም ተሰብስቧል። አባትየው ግን እቤት የሉም። ተቀመጡ ቢሉን ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለን ሦስታችንም እንደቆምን ነው። የመሪጌታ ጉልበት ይንቀጠቀጣል።»

«በራሳቸው ቀጠሮ? እሳቸው? የት ሄዱ?»

«ከወንድማቸው ዘንድ ለእኛ የሚታረድ ሙክት ሊያመጡ ማለዳ ወጡ አሉ። አራት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ ብለው ነበር። ስልካቸው አይሠራም። ሰዓት የማያሳልፉ ሰው ምን አገኛቸው ብለው እናትየው ተጨንቀዋል።»

«በምንድን ነው የሄዱት?» አልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ጠየቅሁ።

ሼህ ሙሄ አዩኝ። እሳቸውም ገባቸው። «ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰማያዊ ፒካፕ።»

ወይ ጉድ! ወይ የእኔ ነገር! ሠላሳ አራት ዓመት ስቆም ኖሬ ያለፍኩት አንድ ሰው፣ እሱም የልጄን ዕጣ በእጁ የያዘ! ከዚያ ሼህ ሙሄን «እርስዎ ይግቡ፤ ጊዜ ይያዙልኝ» ብዬ ሞተሩን አስነሣሁ።

«ምን ብዬ ልያዝ?»

«እርስዎ ያውቁበታል፤ አስቋቸው!»

ያን መንገድ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። በመንገዱ ሁሉ ሌላ መኪና ቆሞላቸው በሆነ እያልኩ እጸልያለሁ፤ ደግሞ ወዲያው፣ ሌላ ሰው ቆሞላቸው ከሆነ ሳላገኛቸው ልቀር ነው ብዬ እፈራለሁ። አልቆመላቸውም። እዚያው ናቸው። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጉን ሣር ያበሉታል። ቀንድ አውጣን ሲያዩ አልተነሡም።

«ምን ረስተህ ተመለስክ?» አሉኝ።

«ጎማ ላምጣልዎ ብዬ ነው፣ አባቴ።»

ከድንጋዩ ተነሡ። ከዚያ «ትርፌን ደጎሎ ሊለጠፍ ሰጥቼው ነበር፤ ለአንድ ጠዋት ምን ይሆናል ብዬ ወጣሁ» አሉ። «እግዜር ይስጥህ። አልፎ የሄደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ደግ ሰው ነህ።»

ደግ ሰው ነህ! ቢመቱኝ ይሻል ነበር። ከኋላ በሬ ላይ ትርፍ ጎማዬን አወረድኩ። ክሪኩን አስገባሁ፣ መፍቻው ላይ ወጥቼ ቆምኩበት። ስድስት ቡሎን ነው፤ የእኔም ስድስት ነው፤ ይገጥማል። ሳላቋርጥ እሠራለሁ፣ እንዳላወራ እሠራለሁ። እንዲሁ ዝም ብል ይህ ሰውዬ እስከ ዕለተ ሞቱ ይመርቀኛል። ሽማግሌዎቹን ያመጣው ሾፌር እኔ እንደሆንኩ ቢያውቅ እንኳ ሕሊናው አላስቻለውም ይላል፤ እንዲያውም ልጄን ይጠቅመዋል። አንድ ቃል አለመናገር ብቻ ነው የሚፈለግብኝ። አራተኛውን ቡሎን እንዳጠበቅሁ እጄ ቆመ።

«አቶ በእውቀቱ» አልኩ።

ስማቸውን ስጠራ አልደነገጡም።

«እኔ የአምላኩ አባት ነኝ። ሽማግሌዎቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ፊትዎ መቆም እንዳልነበረብኝ አውቃለሁ። ግን ደግ ሰው አይበሉኝ። የተመለስኩት እርስዎ ማን እንደሆኑ ስለሰማሁ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። በጣታቸው ወደ ጎማው ሽፋን ጠቆሙ፤ መሬት ላይ ወድቋል፣ ቀዩ ጽሑፍ ወደ ላይ ነው። «ስታልፈኝ ጀርባህ ላይ አንብቤዋለሁ። መስኮትህ ላይ ሁለት ጥምጥም አየሁ፤ ልጄን የሚፈልገው አምላኩ ቢተው ይባላል። ደንቆሮ አይደለሁም። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ምን ብዬ እንደምመልሳችሁ ሳስብ ነበር።»

አምስተኛውን ቡሎን ከመሬት አነሣሁ።

«ባልሆን ኖሮስ?» አሉ። «የማንም አባት ባልሆን፣ ትመለስ ነበር?»

«ሌላ ቀን ቢሆን መጀመሪያውኑ አላልፍዎትም ነበር። ዛሬ ግን… ዛሬ አልመለስም ነበር።»

«ለምን?»

ነገርኳቸው። መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ ቡሎኑን በእጄ ይዤ፣ የአልታየችን ቀብር ነገርኳቸው። ጭነት መኪናውን፣ ግራሶውን፣ እየጠበቅንህ ነበር ያለኝን፣ አንቱ ማለቱን፣ ትናንት ያስገባኝን ቃል። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም። ስጨርስ አልቅሼ ኖሯል፤ ጺሜ ረጥቧል። አቶ በእውቀቱ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው አጠገቤ ተንበረከኩና የቀሩትን ሁለት ቡሎኖች ራሳቸው አጠበቁ።

«ሽማግሌዎቹ ቆመዋል?» አሉኝ።

«ቆመዋል።»

«እንሂድ እንግዲህ፤ አንዱ ይወድቅብናል።»

እሳቸው ቀድመው ገቡ። እኔ ባሕር ዛፌ ሥር ተመለስኩ፣ መጋረጃዬን ዘጋሁ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። በጉ ሲጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ ዝም አለ። ያረዱት ለሽማግሌ ነው ወይስ ለዘመድ? እምቢ ተብሎ የሚሰናበት ሽማግሌ ቅልጥም አይበላም። ስልኬ ሰባት ጊዜ ደወለ። የቀንድ አውጣን ዙሪያ ስንት ጊዜ እንደዞርኩ እግዜር ይወቀው። ባዶውን የጎማ መስቀያ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን እመልሳለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ ወጡ። ንጉሡ ኮቱን አውልቆ ይዟል። ሼህ ሙሄ በሩን ከፍተው አልጋው ላይ ወደቁ።

«ጨነቀኝ፣ ይናገሩ እንጂ!» አልኩ።

«ቀጠሮ ሰጡን» አሉ መሪጌታ። «ከዘመድ ተመካክረን እናሳውቃለን፣ በሦስተኛው እሑድ ተመለሱ አሉ።»

ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለሚያውቅ ግን እምቢ የሚል ሰው ቀጠሮ አይሰጥም። ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፤ የቀረው ወጉ ነው።

«ስለ እኔ አላነሡም?»

«ስለ አንተ ምን ያነሣሉ? አንተን አላዩህም» አለ ንጉሡ። «ብቻ ስንወጣ ምን አሉ? ‹ያ ሾፌራችሁ ጥሩ ሰው ነው፣ ስትመለሱም እሱው ያምጣችሁ። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ካየ ይቁም፣ ብትዘገዩ እኔ እጠብቃለሁ› አሉ። መቼ ነው ያወቁህ?»

ሼህ ሙሄ አልጋው ላይ ተጋድመው ጣራ ያዩ ነበር። ምንም አልሰማሁም የሚሉ ይመስላሉ። እኔ ስልኬን ይዤ ወደ ባሕር ዛፉ ሄድኩ፤ ለልጄ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጮህ አነሣው።

«አባ! ምን ሆኑ? ለምን አያነሡም?»

«ቀጠሮ ተሰጥቶናል። በሦስተኛው እሑድ።»

ትንፋሹን ሰማሁት። «በሰዓቱ ደረሳችሁ?»

«ቀድመን ደረስን።»

«መንገድ ላይ ማንም አላስቆመዎትም?»

«አንድ ሰው እጁን አንሥቶ ነበር። አለፍኩት።»

ድምፁ ሰለለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባ» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። የመጣው ደግሞ ባፈርኩበት ነገር። እንዲህ ሆኖ ልውሰደው? አልቻልኩም።

«አምላኩ፣ ስማኝ» አልኩ። «ያለፍኩት ሰው የሥርጉት አባት ናቸው።» ሁሉንም ነገርኩት፤ መመለሴን፣ ያሉኝን፣ ያልኳቸውን። ስለ እናቱም እንደነገርኳቸው። ተቋረጠ እንዴ ብዬ ስልኬን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ጎማውን ሰጠሃቸው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሰጠኋቸው። ፒካፑ ላይ ነው።»

«አንተ ታዲያ ያለ ትርፍ እንዴት ትመጣለህ?»

ይህን ሁሉ ዘመን ስንቱን ከመንገድ ሳነሣ አንድም ሰው ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። አንተ አለኝ። ለማረጋገጥ እንደገና እንዲናገር ፈለግሁ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«አባ? ትሰማኛለህ? ቀስ ብለህ ና። ድንጋዩን እያየህ። ብትዘገይም ግድ የለም፣ ቤት ሆኜ እጠብቅሃለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። አራቱን ጎማዎች አንድ በአንድ በእጄ ዳሰስኳቸው፤ መሪዬን ያዝኩ። ከደጎሎ እንደወጣን ንጉሡ ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ የፍጥነት ቆጣሪውን አየ።

«ምን ሆነሃል? ጠዋት እንደዚያ ስትከንፍ አሁን ታዘግማለህ እንዴ? ፍጠን እንጂ፣ ይመሽብናል!»

«ቀስ በል ተብያለሁ» አልኩት።